ካራቫን ጎትተው አውሮፓን ሲዞሩ፦ የማይረባ ካምፒንግ ቢገጥምዎ

ካራቫን ጎትቶ ለዕረፍት የሚወጣ ሰው ሆቴል የያዘ ሰው የሌለው አንድ ትልቅ ዕድል አለው፤ ያረፈበት ቦታ ካልተስማማው ቤቱን ይዞ መሄድ ይችላል። ብዙ ቤተሰብ ግን ይህን ዕድሉን ገና በሩ ላይ አሳልፎ ይሰጣል። የሳምንቱን ሒሳብ ባንዴ ይከፍላል፣ ቦታውን ዞሮ ሳያይ ካራቫኑን ከመኪናው ይፈታል፣ የፊት ድንኳኑን ይተክላል። ማታ ላይ የመታጠቢያ ቤቱ ሽታና የጎረቤት ሙዚቃ ሲያንገሸግሸው "እንግዲህ አንዴ ከፍለናል" ብሎ ይቀመጣል። ዓመቱን ሙሉ ሲጠበቅ የነበረ ዕረፍት እንዲህ ሲባክን ያሳዝናል። የሚከተለው በተለይ ከጀርመን ተነስተው በኦስትሪያ በኩል ወደ ጣሊያንና ክሮኤሺያ፣ ወይም ወደ ፈረንሳይ ለሚወርዱ የተጻፈ ነው። ከሌላ አገር የሚነሱም አብዛኛው ይጠቅማቸዋል።

ከቤት ሳይወጡ

መጀመሪያ መንጃ ፈቃድዎን ይመልከቱ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ተራው የ"ቢ" መንጃ ፈቃድ እስከ 750 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ ያስጎትታል። ከዚያ የከበደ ተሳቢ መጎተት የሚፈቀደው የመኪናውና የተሳቢው የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት ተደምሮ ከ3,500 ኪሎ ካላለፈ ነው። "ቢ96" የሚባለው ተጨማሪ ሥልጠና ድምሩን እስከ 4,250 ኪሎ ያደርሰዋል፤ ከዚያ በላይ "ቢኢ" ያስፈልጋል። የሚቆጠረው በሊብሬው ላይ የሰፈረው የተፈቀደ ክብደት እንጂ ያን ዕለት የጫኑት ዕቃ ስላልሆነ፣ "ባዶውን ነው የምጎትተው" የሚል መልስ ፖሊስ ፊት አያድንም።

ሲጭኑ ከባዱን ሁሉ በካራቫኑ ጎማዎች አናት፣ ወለሉ ላይ ያድርጉ፤ የውኃ ጀሪካኑን፣ የዱቄቱን ከረጢት፣ የመጠጡን ካርቶን። ቀላሉ ወደ ላይ ይውጣ። ጋንቾው ላይ የሚያርፈው ክብደት ስንት ኪሎ መሆን እንዳለበት በመኪናውም በካራቫኑም ላይ ተጽፎ ያገኙታል፤ ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ ትንሹን ይዘው ወደዚያ ይጠጉ። ጋንቾው ላይ የሚያርፈው ክብደት ሲያንስ ካራቫኑ ኋላው ይከብድና መንገድ ላይ ግራ ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ከተወዛወዘብዎ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙና እግርዎን ከነዳጁ ላይ ያንሱ። ነዳጅ ጨምሮ ከውዝዋዜው ለማምለጥ መሞከር ካራቫን የሚገለብጥ ስህተት ነው።

ፍጥነቱ እንደየአገሩ ይለያያል። በጀርመን አውቶባን ተሳቢ የሚጎትት መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው፤ የ100 ፈቃድ ያለው ካራቫን ምልክቱ ከኋላው ይለጠፍለታል፣ ጎማዎቹም ከ6 ዓመት በታች መሆን አለባቸው። በጣሊያን አውቶስትራዳ 80፣ ከከተማ ውጭ ባለው ሌላ መንገድ 70 ነው። በስዊዘርላንድ የሚያልፉ ከሆነ ለካራቫኑም ለብቻው የመንገድ ተለጣፊ ይገዛለታል። በኦስትሪያ የመኪናው ይበቃል፤ ወደ ጣሊያን የሚያሻግረው የብሬነር መንገድ ግን ተጨማሪ ክፍያ አለው። ብስክሌት ከኋላ አስረው ጣሊያን ከገቡ ቀይና ነጭ መስመር ያለው 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንጸባራቂ ሰሌዳ ማንጠልጠል ግዴታ ነው።

ወረቀት ላይ ደግሞ የእኛን ሰው የሚመለከት ነገር አለ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘው በጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ካለዎት በሌሎቹ የሸንገን አገሮች በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላሉ፤ ክሮኤሺያም ከ2023 ጀምሮ ገብታበታለች። ብሪታንያና አየርላንድ ግን ከሸንገን ውጭ ናቸው። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና እየታየ ያለ ሰው የያዘው ወረቀት ድንበር አያሻግረውም። የጣሊያን ካምፒንጎች የእንግዶቻቸውን ማንነት ለፖሊስ የማስመዝገብ ግዴታ ስላለባቸው፣ የሕፃኑም ሰነድ ሳይቀር ከእርስዎ ጋር ይኑር።

ካምፒንጉን ሲመርጡ

ኮከብ አይቁጠሩ። ኮከቡ የሚለካው ግቢው ውስጥ ያለውን መገልገያ ነው፤ በፈረንሳይ አንዴ የተሰጠ ደረጃ ለ5 ዓመት ይጸናል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ደግሞ ባለቤትም ጽዳት ሠራተኛም ሊቀየር ይችላል። አምስት ኮከብ ብዙ ጊዜ ማለት ትልቅ ገንዳ፣ የውኃ መንሸራተቻ፣ ማታ ማታ መድረክ ላይ ጭፈራ ነው። ልጆችዎ ዐሥር ዓመት አካባቢ ከሆኑ ገነት ነው፤ ጡት የሚጠባ ሕፃን ይዘው ከሆነ ግን መከራ ነው። እኔን ከጠየቁኝ የፈረንሳይ ገጠር ማዘጋጃ ቤቶች የሚያስተዳድሯቸውን፣ ሁለት ኮከብ ይዘው ወንዝና ዛፍ አጠገብ የተዘረጉትን ካምፒንጎች እመርጣለሁ። መታጠቢያ ቤቱ ያረጀ ነው፣ ዋጋው ቀላል ነው፣ ሌሊቱ ደግሞ ጸጥ ያለ ነው።

የካምፒንጉ ፎቶግራፍ ሁልጊዜ ከገንዳው ዳር ነው የሚነሣው። ስለዚህ ከሳተላይት የተነሣውን ካርታ ይክፈቱና ግቢውን ከላይ ይመልከቱ። የባቡር ሐዲድ ስንት ሜትር ላይ ያልፋል? አውራ ጎዳናውስ? ነጫጭ ሣጥኖች በረድፍ ከሞሉት ቋሚ የኪራይ ቤቶች ናቸው፤ ለካራቫን የተረፈው ቦታ አጥሩ ሥር ሊሆን ይችላል። ከሁሉ በላይ የወንዝ መውረጃውን ያጢኑ። ነሐሴ 1996 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በ7ኛው ቀን፣ በስፔን ፒሬኔ ተራሮች በቢዬስካስ ከተማ አቅራቢያ የነበረ አንድ ካምፒንግ በድንገተኛ ጎርፍ ተጠርጎ 87 ሰዎች ሞተዋል። ካምፒንጉ የተሠራው ከተራራ የሚወርድ ጅረት አፈሩን በሚያራግፍበት ደልዳላ ላይ ነበር። ደረቅ የወንዝ አሸዋ ላይ ማደር ምን እንደሚያመጣ አፋር ወይም ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው አይነገረውም። ተራራ ሥር ደረቅ መውረጃ ዳር ቦታ ከሰጡዎ፣ ግቢው ምንም ያህል ቢያምር፣ አይደሩበት።

የሌሎች እንግዶችን አስተያየት ሲያነቡ አማካይ ነጥቡን ትተው ያለፈውን በጋ ብቻ ይመልከቱ፤ ስለ ጽዳት፣ ስለ ሌሊት ድምፅና ስለ ቦታው ስፋት የተባለውን ይልቀሙ። ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች አንዱን ሽታ ካነሱ ሽታው አለ። ኢንተርኔቱ ደካማ ነው ያለውን ይለፉት። ጀርመንኛ ለሚያነቡ የጀርመኑ አውቶሞቢል ክበብ የአዳክ መዝገብ፣ ፒንካምፕ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ለብቻው ነጥብ ስለሚሰጠው ጥሩ መነሻ ነው።

ወቅቱም ግማሽ ነገር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዋጋው ጣሪያ ይነካል፣ ሰው ይጨናነቃል፣ ሠራተኛው ይዝላል፤ በጣሊያን ደግሞ በፈረንጆቹ ነሐሴ 15 በዓል ሰሞን ባሕር ዳር መቆሚያ አይገኝም። ሰኔ አጋማሽ ወይም መስከረም ላይ የሄደ ሰው ያንኑ ቦታ ሌላ ቦታ ሆኖ ያገኘዋል፤ የኤሲኤስአይ የቅናሽ ካርድም የሚሠራው ከዋናው ወቅት ውጭ ነው። ትምህርት ቤት አስሮዎት በነሐሴ ብቻ የሚወጡ ከሆነ ፍልሰታም አብሮ መምጣቱን አይርሱ። በካምፒንግ ምግብ ቤት ከጥብስ ድንችና ከሰላጣ በቀር የጾም ነገር ማግኘት ከባድ ነውና ሽሮውና በርበሬው ከቤት ይነሣ።

ቦታ ሲይዙ፣ ከዋናው ወቅት ውጭ ከሆነ፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ ይያዙ። በነሐሴ ይህ ላይቻል ይችላል፤ ያን ጊዜ የመሰረዣውን ውል ከመክፈልዎ በፊት ያንብቡ። ዕቃ በኢንተርኔት ሲገዙ ያለው የ14 ቀን የመመለስ መብት ለተወሰነ ቀን በተያዘ ማረፊያ ላይ አይሠራም። የካራቫኑን ርዝመት ከነመጎተቻው በኢሜይል ይጻፉላቸውና "ይህ የሚገባበት ቦታ ይዘንልዎታል" የሚል የጽሑፍ መልስ ይቀበሉ።

ካራቫኑን ከመፍታትዎ በፊት ግቢውን በእግር ይዙሩ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ገና ሳለች ይድረሱ፤ በጀርመን ብዙ ካምፒንጎች ከ7 እስከ 9 ሰዓት፣ በእነሱ አቆጣጠር ከ13 እስከ 15፣ ለቀትር ዕረፍት መግቢያውን ይዘጋሉ። ካራቫኑን መግቢያው ላይ ባለው መቆሚያ ትተው ወደ እንግዳ መቀበያው ይግቡና "ቦታውን አይተን እንመለስ" ይበሉ። ይህን የሚከለክል ካምፒንግ የሚደብቀው ነገር አለው።

ከቦታው በፊት ወደ መታጠቢያ ቤቱ ይሂዱ። በሩ ላይ የጽዳት ሰዓት የሚፈረምበት ወረቀት ካለ የመጨረሻው ፊርማ የስንት ሰዓት እንደሆነ ያንብቡ። ሻወር ቤት ገብተው ማዕዘኖቹንና የውኃ መውረጃውን ወንፊት ይዩ፤ የትናንት ፀጉር እዚያ ካለ የነገውም እዚያው ይጠብቅዎታል። ሙቅ ውኃውን ከፍተው እጅዎን ሥሩ ያቆዩ። ከዚያ ወደ ሳህን ማጠቢያው ይለፉ። ብዙ ሰው ይህን አያይም፤ እኔ ግን ከሁሉ የምተማመነው በእሱ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ገንዳዎቹ ውስጥ የቁርስ ፍርፋሪና የቡና አተላ ተጋግሮ ካለ፣ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ የገባ ሠራተኛ የለም ማለት ነው።

አሁን ቦታዎ ላይ ቆመው መሬቱን ይዩ። የተሰነጠቀ ጭቃ ዝናብ ሲዘንብ ውኃ የሚተኛበት መሆኑን ይናገራል። ቀና ብለው ዛፉን ይዩ፤ የደረቀ ቅርንጫፍ ካለ ከሥሩ አይቁሙ፣ ጥድ ከሆነ ሙጫው ጣሪያውን ያበላሻል። የከሰዓት ፀሐይ ከየት ነው? ወደ መጸዳጃው የሚያቋርጠው ሰው በማን መስኮት ሥር ነው የሚያልፈው? መድረኩስ ምን ያህል ይርቃል? ጎረቤት ወንበር ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ካሉ ሰላም ብለው ሌሊቱ እንዴት እንደሆነ ይጠይቋቸው። ከመቀበያው ሠራተኛ ይልቅ እውነቱን የሚነግሩዎ እሳቸው ናቸው።

በጋርዳ ሐይቅ ዳር ባንድ ካምፒንግ የተሰጠን ቦታ ከላይ ሲታይ እንከን አልነበረውም፤ ጥላ፣ ሣር፣ የሐይቁ ጫፍ። ከአጥሩ ጀርባ ግን ዘይት የጠገበ የብረት ቱቦ ወደ እኛ ዞሮ አየነው፤ የምግብ ቤቱ ወጥ ቤት ማናፈሻ ነበር። ያን ሰዓት ጠፍቷል። ለእራት ሲነሣ እስከ እኩለ ሌሊት የተጠበሰ ዓሣ ሽታ በመስኮታችን ሊያስገባብን ነው። ተመልሰን ሌላ ስንጠይቅ የመቀበያዋ ልጅ የግቢውን ካርታ ዘርግታ ሁለት ክፍት ቦታ አሳየችን። ካራቫኑ ተፈትቶ ድንኳኑ ተተክሎ ቢሆን ኖሮ ማንኛችንም ለመነሣት ጉልበት አይኖረንም ነበር።

ከተስማማዎ ይግቡ። ካራቫኑ ከመኪናው ሳይፈታ ወለሉ ላይ ውኃ ልክ አስቀምጠው ዝቅ ባለው ጎን ጎማ ሥር መወጣጫ ታኮ ያስገቡና ግራ ቀኙን ያስተካክሉ። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ጎማዎቹን በታኮ ይደግፉ፣ ይፍቱ፣ የፊትና የኋላውን ከፍታ በፊተኛዋ ትንሽ ጎማ ያስተካክሉ። አራቱ የማዕዘን እግሮች ካራቫኑ እንዳይነቃነቅ መያዣ ብቻ ናቸው፤ እንደ ክሪክ ሊያነሱበት አይሞክሩ፣ ወለሉ ይጣመማል።

መብራት፣ ጋዝና ቡና

ብዙ ካምፒንግ "መጥፎ" የሚባለው መብራቱ እየጠፋ ስለሚያስቸግር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ የሒሳብ ነው። የመብራት ሣጥኑ ላይ ስንት አምፔር እንደተጻፈ ያንብቡ። 6 አምፔር ማለት 1,380 ዋት፣ 10 አምፔር 2,300 ዋት፣ 16 አምፔር 3,680 ዋት ነው። የውኃ ማፍያ ማሰሮ ብቻውን 2,000 ዋት አካባቢ ስለሚስብ በ6 አምፔር ብሬከሩን ያወርደዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ማምጣት የሚያስቡ ካሉ ይተዉት፤ እንጀራው ጋግረውት ይምጣ። ገመዱን ከመጠቅለያው ሙሉ በሙሉ ይፍቱት፤ እንደተጠቀለለ ብዙ ኃይል ሲሄድበት ይግላል፣ ይቀልጣልም።

ጋዝ በየአገሩ ሲሊንደሩም መግጠሚያውም ይለያል፤ የጀርመኑን 11 ኪሎ በፈረንሳይ ወይም በጣሊያን አይለውጡልዎትም፣ ስለዚህ ሙሉውን ይዘው ይውጡ። ሰማያዊዋ የካምፒንጋዝ ሲሊንደር በብዙ አገሮች ትገኛለች፤ ይዘቷ ቡቴን ስለሆነ ግን ብርዱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ጋዙ አይነሣም። በአልፕስ ተራሮች ለሚያድር ፕሮፔን ነው የሚሆነው።

ቡና ያለ ከሰል አይጥምም የሚሉ አሉ፤ ልባቸውን እረዳለሁ። ነገር ግን ከሰል ካራቫን ውስጥም ሆነ በተዘጋ የፊት ድንኳን ውስጥ በፍጹም አይለኮስ፤ ጋብ ያለ የመሰለ ከሰልም ቢሆን አይግባ። ከሰል አንድዶ ቤት ዘግቶ መተኛት ስንት ሰው እንደፈጀ በአገራችን የማያውቅ የለም፤ ካራቫን ደግሞ ከየትኛውም ክፍል የጠበበ ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያ መሣሪያ ገዝተው ይስቀሉ። በደቡብ አውሮፓ በበጋ በብዙ ቦታ ክፍት እሳት በሰደድ እሳት ምክንያት ክልክል ነው፤ ቡናውን በጋዝ ምድጃ ደጅ ይቁሉት፣ ጢሱ ወደ ጎረቤት መስኮት እንዳይሄድ ነፋሱን አይተው ይቀመጡ። አንድ ስኒ ለጎረቤት ማቅረብ ደግሞ ስለ ጢሱ የሚመጣውን ቅሬታ አስቀድሞ ይዘጋል።

የውኃ ቧንቧ ሁሉ የሚጠጣ አይደለም። ብርጭቆ ተሥሎ በላዩ ቀይ መስመር ከተሰመረበት ለመታጠቢያ ብቻ ነው። የመጸዳጃው ካሴትም ለእሱ በተለየው ማፍሰሻ ብቻ ይደፋል።

ችግሩ ከገቡ በኋላ ከታየ

መጀመሪያ በራስዎ የሚስተካከለውንና የማይስተካከለውን ይለዩ። የመንገድ ድምፅ ከሆነ ካራቫኑን አዙረው መኝታውን ከመንገዱ ያርቁ። የግቢው መጸዳጃ ካስጠላ በካራቫኑ ውስጥ የራስዎ አለ። በፈረንሳይ ገንዳ ልጅዎን ሰፊ ቁምጣ ለብሰሃል ብለው ከመለሱት ደንባቸው ስለሆነ ጠባቡን ይግዙለት። ልጆቹ ጓደኛ አግኝተው ከጠዋት እስከ ማታ የሚጠፉ ከሆነ ደግሞ ሳህን ማጠቢያው ቆሸሸ ብለው አይንቀሏቸው፤ ዕረፍቱ የእነሱም ነው።

የማይስተካከለውን ግን ይናገሩ፤ ዛሬውኑ ይናገሩ። እዚህ ላይ ይሉኝታ ይጎዳናል። ሰው ላለማስቀየም ዝም ብለን ከርመን ስንወጣ እንማረራለን፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚያስተካክል የለም። ቁጣ አያስፈልግም፣ ፎቶግራፍ አንስተው ይሂዱና ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልጉ፣ እስከ መቼ እንደሚፈልጉ ይንገሯቸው፦ "ከሦስቱ ሻወር ሁለቱ ሙቅ ውኃ የላቸውም፤ እስከ ነገ ጠዋት ይሠራ፣ ካልሆነ የቀሩትን ሌሊቶች ገንዘብ መልሱልንና እንሄዳለን።" ቋንቋው ካስቸገረ በስልክዎ አስተርጉመው ያሳዩ። ሌላ ቦታ እንዲቀይሩልዎ የሚጠይቁ ከሆነ ጠዋት ከ4 ሰዓት በኋላ ይሂዱ፤ የሚለቀቁት ቦታዎች ያን ጊዜ ይታወቃሉ።

በስልክ "ቦታ አለ" ተብለው ሲደርሱና ፊትዎ ሲታይ "ሞልቷል" ከተባለስ? ይህም ያጋጥማል፣ ልብም ይሰብራል። የጽሑፍ ማረጋገጫውን ያሳዩ፣ ኃላፊውን ያስጠሩ፣ ሰዓቱንና የተባለውን ይመዝግቡ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በዘር ምክንያት አገልግሎት መከልከል ክልክል ነው፤ የማመልከቻው ጊዜ አጭር ሊሆን ስለሚችል ወደ ቤት እስኪመለሱ አይቆዩ።

የገንዘብ ክርክሩ ከአገር ወደ አገር ከሆነና እምቢ ካሉዎት፣ በሚኖሩበት አገር ያለው የአውሮፓ ሸማቾች ማዕከል በነፃ ይጽፍልዎታል። ለዚህ ነው ፎቶግራፉም ደረሰኙም የሚያስፈልገው።

ሲነሱ

መሄድ ከወሰኑ መብራቱን ከመንቀልዎ በፊት ወደሚቀጥለው ካምፒንግ ደውለው ቦታ ያረጋግጡ። ከመሸ መውጣትን አልመክርም። በጀርመን ለመንዳት የደከመ ሰው በሕዝብ መኪና ማቆሚያ አንድ ሌሊት አርፎ መሄድ ይፈቀድለታል፤ በክሮኤሺያ ግን ከካምፒንግ ውጭ ማደር ያስቀጣል። ፈጽሞ የማይታደርበት ካልሆነ በቀር ሌሊቱን ታግሰው ጠዋት ይውጡ።

ሒሳብ ሲዘጉ በር ላይ የተያዘብዎ መታወቂያ ካለ ይቀበሉ፣ ያደሩበትን ሌሊት ብቻ የሚያሳይ ደረሰኝ ያስጽፉ። ካሴቱን ይድፉ። የጋዝ ሲሊንደሩን፣ የጣሪያውን መስኮት፣ የማቀዝቀዣውን በር ይዝጉ፤ አራቱን እግሮች ያንሱ። ጋንቾው ሲነክስ ድምፁን ይስሙና መያዣውን ወደ ላይ ስበው ይፈትኑት፤ ማምለጫ ሽቦውን ያስሩ፣ የመብራቱን ገመድ ይሰኩ፣ ትንሿን ጎማ እስከ መጨረሻው አንስተው ያጥብቁ። ባለቤትዎ ከኋላ ቆመው የፍሬኑንና የግራ ቀኙን መብራት አንድ በአንድ ይመልከቱልዎት፤ ታኮዎቹን አንስተው የእጅ ፍሬኑን የሚለቁት ከዚያ በኋላ ነው።